ሰው ያለበትን ቡድን ማፍረስ

ቡድኑ መጥፎ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የራሱን ጉድ ሸፋፍኖ ሰው ይወቅሳል እንዳልባል። አምበሉ እኔ ነበርኩ። በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ሊግ ከእኛ በታች የነበረው መሬቱ ብቻ ነው።

ያቋቋሙት ሰሊጥና ማሽላ የሚነግዱ የአገራችን ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከጎንደር በኩል የመጡ ሙስሊሞች፣ ገዳሪፍ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ልጅ ወልደው የዳሩ። በመጋዘናቸው ጆንያ ከሚሸከመው፣ ከስደተኛ ካምፕ ከወጣው፣ ወደ ሊቢያ ልሻገር ብሎ መጥቶ እዚሁ ከቀረው መካከል ኳስ የሚችለውን መርጠው ማሊያ አለበሱን። ደመወዙ አንድ ወር ይመጣል፣ አንድ ወር ይጠፋል። ስማችን ግን በደመወዝ የሚጫወት ቡድን ነው።

ተመልካቾቻችን የእህል ገበያው ሸካሚዎች ነበሩ። ሲደግፉ ድምፅ የላቸውም። ሲሰድቡ ግን ቅኔ ቤት የዋሉ ይመስላሉ።

«በረኛችን እኮ እንግዳ ተቀባይ ነው» ይላል አንዱ፣ ከጎሉ ጀርባ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ቁጭ ብሎ። «ኳሷ ስትመጣ ግቢ ይላታል።»

«ግቢ ብቻ? ሳትበዪ አትሄጂም ይላታል እንጂ።»

በረኛው ጨዋታው እየተካሄደ ዘወር ብሎ «እናንተም ግቡ፣ ቦታ አለ» አላቸው። እሱ እንዲህ ሲል ሌላ ኳስ ገባ።

በረኛው ጉልበቱ ካበጠ ቆይቷል። በቀኝ በኩል ይዘላል፣ በግራ በኩል ይወድቃል። ተጋጣሚዎቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ በግራ ነው የሚመቱት። እኔም አንድ ጊዜ አጥቂ ካለፈኝ በቃ፤ እኔ ዞሬ እስክነሳ እሱ ጎሉን አግብቶ ደስታውን ጨርሷል። የቀሩትም እንደዚያው ነን። አጥቂያችን ከሩጫው ይልቅ ሳሉ ይሰማል።

ታዲያ ለምን አትተዉትም ይለናል ሰው። ሚስቴም ብላኛለች። መልሱ ቢጣቃው ነው።

ቢጣቃ ማለት መታወቂያ ነው፤ ሊጉ ለተጫዋቹ የሚሰጠው፣ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት። እኔ ስደተኛ ተብዬ የተመዘገብኩ ሰው አይደለሁም። በአንድ መኸር ሰሊጥ ለማጨድ በመተማ በኩል ተሻገርኩ፤ አጨዳው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ሚስቴ በወድ ኤል ሒለው በኩል ከስደተኛው ጋር ወንዝ ተሻግራ የመጣች ስለሆነች ወረቀት አላት፤ ልጃችንም በእሷ ተመዝግባለች። እኔ ኢቃማ የለኝም። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ለእኔ ቢጤው ሰማይ ነው። ከሻ ማለት ደግሞ አፈሳ ነው። ጦርነቱ ካርቱምን ከበላ ወዲህ ከሻ በርትቷል። የፖሊስ መኪና ገበያ መሃል ይቆምና የሐበሻ ፊት ያለውን ይለቅማል። ከዚያ ወዲያ ወይ እስር ነው፣ ወይ ገላባት ወስደው ድንበር ያሻግሩሃል። ከድንበሩ ማዶ ያለውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚያም ጥይት ነው።

ቢጣቃ ያለው ሰው ግን አይታፈስም። እኔን ስንት ጊዜ አስቁመውኛል። ፖሊሱ ቢጣቃውን ገልበጥ አድርጎ ያየውና «ተጫዋች ነህ?» ይለኛል በዐረብኛ። የየትኛው ቡድን እንደሆንኩ ሲያነብ ይስቃል። «ባለፈው ስንት ገባባችሁ?» ይላል። እነግረዋለሁ። ጓደኛውን ጠርቶ ለእሱም ያስነግረኛል። ተሳስቀው ይለቁኛል። መሳቂያ መሆናችን ነበር የሚያኖረን። በዚያች ካርድ ሚስቴ ሻይ የምትሸጥበት የመኪና መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ውኃ እቀዳላታለሁ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ የቀን ሥራ ሲገኝ እሠራለሁ። ሰው ሆኜ የምሄድባት ያቺ ካርድ ናት። እሷ ከሌለች እኔ ገዳሪፍ ውስጥ የለሁም።

እንግዲህ ስላሳሳተን አንድ ቃል ልናገር።

ሊቀመንበሩ ሐጂ ናቸው፤ ትልቅ የሰሊጥ ነጋዴ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፣ ጭንቅ ሲላቸው ግን ወደ ዐረብኛ ይሸሻሉ። ሲሆን አይቻለሁ፤ ሰው ሲሞት የሚያረዱት በዐረብኛ ነው። አምስት ጎል ገብቶብን በተሸነፍን ማግሥት ሜዳው ድረስ መጥተው ሰበሰቡን። መሬት መሬት እያዩ «ለጅናው ወስኗል» አሉ፤ ኮሚቴው ማለታቸው ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ተጅዲድ ነው። ኸላስ። ሁላችሁም ሱቅ ኑ።» ይህን ብለው ረክሻ በሚሏት ባጃጃቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ተጅዲድ።

እዚህ አገር ለኖረ ሐበሻ ተጅዲድ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። የኢቃማ እድሳት ነው፤ የወረቀት መታደስ። ሰው ሲገናኝ እንኳ «ተጅዲድ አገኘህ ወይ» ነው ሰላምታው። እኛ ደግሞ ነጋዴዎቹ አንድ ቀን የቡድን ኢቃማ ያወጡልናል ሲባል ስንሰማ የኖርን ነን። በረኛው ሜዳው ላይ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ያን መረሬ፣ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀውን መሬት ሳመው።

«ተሸንፈን ነው እንዲህ የሚያደርጉልን?» አለ አጥቂያችን።

«ብናሸንፍማ ምን ሊሰጡን ነበር» አለ በረኛው።

ኢቃማ ፎቶ ይፈልጋል። ነጭ ሸሚዝ የነበረው በረኛው ብቻ ነው፤ ለሠርጉ የገዛው። ገበያው ውስጥ ያለው ፎቶ ቤት በር ላይ ተሰልፈን ያንኑ ሸሚዝ እየተቀባበልን ተነሣን። ለእኔ ጠበበኝ፣ አንገቱን መቆለፍ አቃተኝ። ለአጥቂው ሰፋው፤ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ያዝንለት። ፎቶ አንሺው ሱዳናዊ ሳቀብን። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ እንዴ?» አለን። አዎ አልነው።

በቀጠሮው ቀን ተላጭተን፣ ጫማ ጠርገን ሐጂ ሱቅ ሄድን። እሳቸውና አሰልጣኙ በሰሊጥ ጆንያ መካከል ተቀምጠዋል። አሰልጣኙ ከስደተኛ ካምፕ የመጣ ነው፤ ኳስ በትምህርት የተማረ፣ አማርኛው ላይ ትግርኛ የሚጣፍጥበት፣ ቁጡ ያልሆነ ሰው። ፎቶዎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ሐጂ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ያው ሸሚዝ፣ ያው ሸሚዝ፣ ያው ሸሚዝ። አንገታቸውን ደፉ።

«ይህ ምንድን ነው ልጆቼ?»

«ለተጅዲዱ ነው ሐጂ» አልኩ።

አሰልጣኙ ቀድሞ ገባው። ዓይኑን ጨፈነ። ሐጂ ግን ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ፣ ካወቅኋቸው ወዲህ እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአማርኛ ተናገሩ። «እኔ ቡድኑን ማለቴ ነው። ቡድኑን እንደ አዲስ እንገነባለን ማለቴ ነው። የካምፑን ልጆች እናስገባለን። እናንተ...» ብለው ቆሙ። «እናንተ ደክማችኋል።»

ውጭ ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች ይቆጥራሉ።

«ሐጂ» አለ በረኛው፣ ቀስ ብሎ፣ «ቤት ሲታደስ ድንጋይ አለ፣ ፍርስራሽ አለ። እኛ የቱ ነን?»

«አታስጨንቀኝ የኔ ልጅ።»

«ልወቀው ብዬ ነው።»

ንግግሩን አሰልጣኙ ተቀበላቸው። እየተሟገተ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ይህ ቡድን በዚህ ሁኔታ ቢቆይ ይወርዳል አለ፤ ከወረደ ነጋዴዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ያኔ ቡድንም የለም፣ ቢጣቃም የለም፣ ለማንም። አሁን ከተጀመረ ግን ልጆቹ በአንድ ዓመት ይበስላሉ። «እኔ እናንተን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ጉልበታችሁን ነው ያየሁት።»

ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ትክክል መሆኑ ነው። ውሸት ቢናገር አንገቱን አንቄ ይወጣልኝ ነበር። እኔ እሱን ብሆን፣ ያን ቡድን በአንድ ቀን አፈርሰው ነበር። ግን ሰው ቤት ሲያፈርስ መጀመሪያ ውስጥ የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ልብስህን ያዝ፣ ውጣ፣ እዚያ ዘንድ እደር ይለዋል። እኛን ውጡ ነው ያሉን፤ የምናድርበትን የተናገረ የለም።

ሐጂ ሊያስረዱን ሞከሩ። «ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ። ቡድንም ጊዜ አለው።»

«ሰሊጡማ ሲታጨድ የእርስዎ መጋዘን ነው የሚገባው ሐጂ» አልኩ። «እኛን አጭደው የት ሊያስገቡን ነው?»

ከዚያ ለመንኩ። መለመን አልወድም፣ አልችልበትምም፤ ስለምን የምሰድብ ነው የሚመስለው። ደመወዙን ውሰዱት አልኩ። ማሊያ እናጥባለን፣ ሜዳ እንጠርጋለን፣ ከወንበር አንነሣም፤ ቢጣቃውን ብቻ ተዉልን። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። ሊጉ ለአንድ ቡድን የሚሰጠው የውጭ ሰው ቢጣቃ የተቆጠረ ነው አለ። በእኔ ስም አንድ ከተያዘ አንዱ የካምፕ ልጅ ይቀራል። ልጁ ደግሞ ያለ ቢጣቃ ከካምፕ ወጥቶ ከተማ ቢታይ ያው ከሻ ነው የሚጠብቀው።

እንዲህ ነው የተቋጠረው። ለእኔ ካስቀሩልኝ ከሌላው ነው የሚነጥቁት።

መጨረሻ ላይ ሐጂ፣ ወሬ የማይወዱ ነጋዴ ስለሆኑ፣ «ዕቃ በዓይን ነው የሚታየው» አሉ። አርብ ከሰዓት በኋላ አሮጌዎቹና የካምፑ ልጆች እርስ በርስ ይጋጠሙ፤ አይቼ እወስናለሁ አሉ። አሰልጣኙ አልተስማማም ነበር። «ሐጂ፣ የአንድ ቀን ጨዋታ ምንም አያሳይም» አለ። አልሰሙትም።

አሰልጣኙ ለልጆቹ የአንድ ቀን ፈቃድ አውጥቶ በጭነት መኪና አመጣቸው። ቀጫጭኖች፣ ፈጣኖች፣ ጫማቸው የማይመሳሰል። አጥቂያቸው ዐረብኛውንና አማርኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያደባልቅ፣ ሱዳን ያደገ ልጅ ነው። ከጨዋታው በፊት መጥቶ ጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ እግሬን ብቻ አትስበሩኝ» አለኝ።

«ኳሱን ከሰጠኸኝ ምን አደረግከኝና» አልኩት።

እንዴት እንደተጫወትን አልነግራችሁም፤ አታምኑኝምና። አጥቂያችን አላሳለም። እኔ ዞርኩ። ያ ስንት ዓመት አልዞር ያለ ወገቤ ዞረ። ልጁ በግራዬ ሊያልፍ ሲል ደረስኩበት፤ ኳሱንም ልጁንም ይዤ መሬት ወደቅን፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ ውስጥ የእኔኑ ፍርሃት አየሁት፤ እሱም ለዚያችው ካርድ ነበር የሚሮጠው። እጄን ሰጥቼ አላነሣሁትም። ኳሷን ተከትዬ ሄድኩ። በረኛው በግራ በኩል ዘለለ። ባበጠው ጉልበቱ ዘለለ፤ ያዛት፤ ደረቱ ላይ አቅፏት ወደቀና ለጥቂት ጊዜ አልተነሣም። የሞተ መስሎኝ ነበር። ሸካሚዎቹ መሳደባቸውን ተዉ። አንዱ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲል ሰማሁት።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኛ ተቃቀፍን፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ ሳቅሁ። ወደ ሐጂ ሄድን።

ሐጂ ተቆጥተው ነበር። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ይህን ቡድን የት ደብቃችሁት ከረማችሁ?» አሉን።

እግር እግራችንን እያዩ ቀጠሉ።

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ፣ ይህ እግር የት ነበር? ለማሊያዬ ያልሮጠ እግር፣ ለቢጣቃ ሲሆን ሮጠ።»

«ሐጂ» አለ በረኛው፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ሰው ለእንጀራው ሲሮጥና ለነፍሱ ሲሮጥ እኩል ነው እንዴ?»

«የእናንተን ነፍስ ላቆይ ብዬ አይደለም ቡድን ያቋቋምኩት» አሉ። ብለውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከአፋቸው ወጥቷል። ሊመልሱት ፈልገው እንደነበር አውቃለሁ፤ ነጋዴ ግን በተናገረው ዋጋ ይጸናል። ረክሻቸውን ጠሩ።

አሰልጣኙ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ብትሸነፉ ኖሮ ያዝኑላችሁ ነበር» አለኝ በቀስታ። እኔ ያን ጊዜ ሰደብኩት። አሁን ሳስበው እውነቱን ነው። ሐጂን የሚያራራቸው ደካማ መሆናችን ነበር፤ እንደምንችል ስናሳያቸው እንደ ሰነፍ ቆጠሩን። ማንም ሰው ያን ያህል ሁልጊዜ መጫወት እንደማይችል፣ ያ ጨዋታ የመጨረሻ ጉልበታችን እንደሆነ፣ በረኛው ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እንደተኛ ማን ይንገራቸው። እኔ ልነግራቸው አስቤ ነበር። በምን አፌ።

ቢጣቃዎቹን አሰልጣኙ ሰበሰበ። ለሊጉ ሳይመለሱ አዲስ አይሰጥም። የእኔን ከኪሴ አውጥቼ በእጁ አልሰጠሁትም፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩለት፣ አነሣው።

በረኛው ብዙም አልቆየም። ሚስቱ ምጧ ተቃርቦ ነበርና ሽንኩርት ልግዛላት ብሎ ወጥቶ ገበያው በር ላይ ታፈሰ። ገላባት ወሰዱትና አሻገሩት። ከመተማ ደወለልኝ። «ዕድሜዬን ኳስ ስይዝ ኖሬ፣ እኔን ሲይዙኝ እጄን እንኳ አላነሣሁም» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ለእሱ የነገረችው የእኔ ሚስት ናት፤ እኔ ድምፁን መስማት አልፈለግሁም።

አጥቂው ሀዋታ ሄደ፤ እዚያ እርሻው ላይ አረም የሚያርም ሰው እንጂ ቢጣቃ የሚጠይቅ የለም ይላሉ። እኔን ሚስቴ ሂድ አለችኝ። «ሀዋታ ሄደህ በሕይወት ብትቆይልን ይሻላል» አለች። ሀዋታ ከሄድኩ መመለሻ መንገዱ ላይ ኬላ ነው፤ አልመለስም። ስለዚህ ቤት ነኝ። ሚስቴ ትወጣለች፣ ልጄ ትወጣለች፣ እኔ ግቢ እጠርጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጄ ጋር ነው፣ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ሠላሳ ዓመቴን አልፌ። ጊዜ በዝቶብኝ ነው አሁን የምጽፈው። ጊዜ ያልጎደለው እንደኔ ያለ ሰው ገዳሪፍ ላይ የለም።

አሰልጣኙ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። አልጠበቅሁትም። ውኃ ሰጠሁት፣ ተቀመጠ። ልጆቹ ስድስት እንደገባባቸው ነገረኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያ እግሬን አትስበሩኝ ያለኝ ልጅ አንዱን ጎል እሱ እንዳገባ ነገረኝና እሱን ስሰማ ነው ትንሽ ደስ ያለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ተከላካዮቹ አይነጋገሩም» አለኝ። «እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሮጠው። አንተ ብትመጣና ሁለት ሦስት ቀን ብታሳያቸው...»

«በምን ልምጣ?»

ጠፋው። ቢጣቃዬን ራሱ ነው የሰበሰበው፣ ግን ረስቶታል። የተማረ ሰው ክፋት የለውም፤ ይረሳል። ከዚያ ትዝ ሲለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ልጆቹን እዚህ ላምጣልህ?»

«እዚህ?» ግቢውን አሳየሁት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቆምበትም። ሚስቴ የዘረጋችው ልብስ ግማሹን ይዞታል። ሁለታችንም አየነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «አሁንም ልክ ነበርኩ ትላለህ?»

ብርጭቆውን በእጁ አዞረው።

«አዎ» አለ። «ስድስት ገብቶብንም አዎ። ሌላ መንገድ አልነበረም።»

«እኔም እንደዚያው ነው የምለው» አልኩት። «አንተን ብሆን።»

ተነሣ። ሊያቅፈኝ ፈልጎ እጁን አነሣና ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ሊሄድ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲሄድ ቤት ተቀምጦ ደህና ሁን አይባልም፤ አብሮ ተወጥቶ፣ ወሬ እየተወራ፣ ቢያንስ እስከ አስፋልቱ ይሸኛል። ሰው ቢታመም እንኳ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይወጣል። አሰልጣኙ በሩን ከፍቶ ወጣና፣ ልማድ ነውና፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ እኔን ጠበቀ።

እኔ ከበሩ ደፍ ላይ ቆሜ ነበር።

«ሂድ» አልኩት። «በዚያ በኩል ጥላ አለ።»